ቅጽል በሥራው እንጂ በስሙ አይታወቅም

በዚህ መንፈቅ መጀመሪያ ላይ በመኝታ ክፍል ጎረቤቴ የሆነ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ፊቱን አጨፍግጎ ከደጃፍ ቆሞ አገኘሁት። «ምን ሆነሃል?» ብለው «ምዝገባው አመለጠኝ» አለኝ። ነገሩን ከሥሩ ብጠይቀው ታሪኩ እንዲህ ነው። በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ወረቀቱ ምዝገባቸው ያልተሟላ ተማሪዎች መኖራቸውን ከገለጸ በኋላ «ዘ ስቱደንትስ ኮንሰርንድ» እስከ ዓርብ ድረስ እንዲቀርቡ ያዛል። ወዳጄ ወረቀቱን አንብቦታል። «ኮንሰርንድ» ማለትም «የተጨነቀ» ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ስለዚህ «እኔን ምን አስጨነቀኝ? የተጨነቁት ይሂዱ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። የተጠራው ግን የተጨነቀው ተማሪ ሳይሆን ጉዳዩ የሚመለከተው ተማሪ ነበርና ዓርብ መጥቶ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለስ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ የተጨነቀ ተማሪ ሆነ።

የሚያስገርመው ነገር ይህ ወጣት በእንግሊዝኛ ሰዋስው ደካማ የሚባል አለመሆኑ ነው። በዚያው ምሽት «የቅጽልን ዓይነቶች ታውቃለህን?» ብዬ ብጠይቀው ትንፋሽ ሳይወስድ ዘረዘረልኝ፤ የጠባይ ቅጽል፣ የመጠን ቅጽል፣ የቁጥር ቅጽል፣ አመልካች ቅጽል፣ ጠያቂ ቅጽል፣ አገናዛቢ ቅጽል፣ አከፋፋይ ቅጽል። ሰባቱንም በእንግሊዝኛ ስማቸው ከነምሳሌያቸው ጠራቸው። «እንግዲያው ‹ኮንሰርንድ› ከሰባቱ የትኛው ነው?» ብለው «የጠባይ» አለ። በተማረው ዝርዝር መሠረት መልሱ ልክ ነው። መልሱ ልክ ሆኖ ሳለ ግን ምዝገባው አምልጦታል!

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነገር ነው። ብዙዎቻችን ከተማሪ ቤት ይዘነው የመጣነው ትምህርት የቅጽልን ስም መጥራት እንጂ ቅጽሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ መለየት አይደለም። እኔ የምለው፣ የቅጽል ዓይነት የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በሥራው ነው፤ ይህን መለየት ያልቻለ ተማሪም ሰባቱን ስሞች በቃሉ ቢያነበንብ የመማሪያ መጽሐፉን በትክክል አነበበ ሊባል አይችልም።

ለመሆኑ ይህ ዝርዝር ከወዴት መጣ? የጥንት የግሪክና የላቲን ሰዋስው ሊቃውንት ቅጽልን ራሱን የቻለ ክፍል አላደረጉትም፤ እንደ ስም ስለሚረባ ከስም ጋር ቈጥረውት ነበር። እንግሊዝኛ ግን በጊዜ ብዛት የቃላቱን መድረሻ ስለ ጣለ ቅጽሉ ከስም መለየት ግድ ሆነበት። ሊንድሊ ሙሬይ በ1795 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታዋቂ ሰዋስው ቅጽልን ለብቻው አስቀምጦ «ዚስ»፣ «ማይ»፣ «ኢች» የመሳሰሉትን ቃላት ግን ከተውላጠ ስም ጋር አደረጋቸው። ከእርሱ በኋላ ኔስፊልድ ለሕንድ ተማሪዎች ባዘጋጀው ሰዋስው ቅጽልን በስድስት ዓይነት ከፈለ። ከዚያም ሬንና ማርቲን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሕንድ ተማሪ ቤቶች ባዘጋጁት መጽሐፍ የጠባይ፣ የመጠን፣ የቁጥር፣ የአመልካች እየተባለ የሚጠራው አከፋፈል በሰፊው ታወቀ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአገራችን ተማሪ ቤቶች ብዙ የሕንድ መምህራን ያስተምሩ ስለ ነበረ፣ ዝርዝሩ በእነርሱም በኩል ጭምር እንደ ደረሰን መገመት አያስቸግርም። ከዚያ ወዲህ ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተርም ወደ ሌላ ጥቁር ሰሌዳ ሲገለበጥ ኖሯል። ይህን ስል መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም፤ መቶ ተማሪ በአንድ ክፍል አጭቆ ለሚያስተምር ሰው ዝርዝር ማስጠናት ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነው።

የዝርዝሩ ጉድለት ግን የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት መክተቱ ነው። ብሉምፊልድ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ላንጉዌጅ» በተባለው መጽሐፉ የሚገልጹትን ቅጽሎች ከሚወስኑት ለይቶ፣ ከሚወስኑት ውስጥ ደግሞ «ዲተርማይነር» ያለውን ክፍል ለየ። በ1985 እ.ኤ.አ. ክወርክና ሦስት ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሰፊው የእንግሊዝኛ ሰዋስውም እነዚህን ወሳኝ ቃላት ከቅጽል ፈጽሞ ለይቷቸዋል። ለቅጽል የተሰጠውም መፈተኛ አራት ጥያቄ ነው። ቃሉ ከስም በፊት ይገባልን? «ነው» ከሚለው ግሥ ጋር ተሳቢ ሆኖ ይቆማልን? «ቬሪ» ይቀድመዋልን? በ«ኧር» ወይም በ«ሞር» ይበላለጣልን?

«ሀንግሪ» የሚለውን ቃል እንፈትን። «ኤ ሀንግሪ ቻይልድ» ይባላል፤ «ዘ ቻይልድ ኢዝ ሀንግሪ» ይባላል፤ «ቬሪ ሀንግሪ» ይባላል፤ «ሀንግሪየር» ይባላል። አራቱንም አልፏልና ሙሉ ቅጽል ነው። «አስሊፕ» ግን «ዘ ቻይልድ ኢዝ አስሊፕ» ሲባል ይገባል እንጂ ከስም በፊት አይገባም። «ሜይን» ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «ዘ ሜይን ሪዝን» ይባላል እንጂ «ዘ ሪዝን ኢዝ ሜይን» አይባልም። ከሁለቱ አንዱን ወይም ሌላውን ቢወድቁም ከቅጽል ቤተ ሰብ አልወጡም። «ዚስ» የሚለው ግን ከስም በፊት ከመግባት በቀር ምንም አያልፍም። «ቬሪ ዚስ» የሚል ሰው ማን ሰምቶ ያውቃል?

«ታዲያ ‹ዚስ› ቅጽል ተባለ አልተባለ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖራል። ይጠቅመናል እንጂ! በአማርኛ «ይህ መጽሐፌ አርጅቷል» ብንል ነውር የለበትም። ይህን የለመደ ተማሪ በእንግሊዝኛ «ዚስ ማይ ቡክ ኢዝ ኦልድ» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩም በቀይ ቀለም ያሰምርበታል። ተማሪው ዝርዝሩን ቢያይ ምክንያቱን አያገኝም፤ «ዚስ» አመልካች ቅጽል፣ «ማይ» አገናዛቢ ቅጽል፤ ሁለት ቅጽል ደግሞ አንድን ስም መግለጡ የተፈቀደ ነው፤ «ቢግ ብላክ ዶግ» ይባል የለምን? ምክንያቱ የሚገለጠው «ዚስ» እና «ማይ» አንዲት መቀመጫ የሚሻሙ ወሳኞች መሆናቸው ሲታወቅ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከተቀመጠ ሌላው መነሣት አለበት፤ ስለዚህ «ዚስ ቡክ ኦቭ ማይን» ይባላል። ስሙን ማወቅ ስሕተቱን አላዳነም፤ ሥራውን ማወቅ ግን ያድነዋል።

ከዚህ የበለጠ ጉዳት የሚያመጣው ደግሞ የ«ሊትል» ነገር ነው። በዝርዝሩ መሠረት የመጠን ቅጽል ነው፤ አማርኛውም «ጥቂት» ነው ተብለን ተምረናል። እንግዲህ አንድ የሕክምና መጽሐፍ ስለ አንድ መድኃኒት ሲናገር «ዜር ኢዝ ሊትል ሪስክ» ቢል፣ አደጋው ከምንም የማይቈጠር ነው፣ አትስጉ ማለቱ ነው። «ዜር ኢዝ ኤ ሊትል ሪስክ» ቢል ግን ጥቂት አደጋ አለበትና ተጠንቀቁ ማለቱ ነው። አንዱ የሚያራግፈውን ሌላው ያሸክማል። «ፊው» እና «ኤ ፊው»ም እንደዚሁ ናቸው፤ «ፊው ፓስድ» ሲባል የሚለቀስ፣ «ኤ ፊው ፓስድ» ሲባል የሚጽናኑበት ነው። ሁለቱንም «ጥቂት» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ነገ ሐኪም ሆኖ ያን መጽሐፍ ሲከፍት ምን ሊረዳ ነው?

የጠባይ ቅጽል በሚባለው ትልቅ ከረጢት ውስጥም ብዙ ነገር ተቀላቅሏል። «ዲሊጀንት ስቱደንት» እና «ሜዲካል ስቱደንት» የሚሉትን እናስተያይ። በዝርዝሩ ሁለቱም የጠባይ ናቸው። ነገር ግን «ቬሪ ዲሊጀንት» ይባላል፤ «ቬሪ ሜዲካል ስቱደንት» ግን ያስቃል። የፊተኛው ተማሪውን ይገልጠዋል፤ የኋለኛው ግን ተማሪው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ይመድበዋል። መዳቢው ሁልጊዜ ለስሙ ቅርብ ሆኖ ይቀመጣልና «ኤ ያንግ ሜዲካል ስቱደንት» እንጂ «ኤ ሜዲካል ያንግ ስቱደንት» አይባልም። አንዳንድ ጊዜም አንዱ ቃል ሁለቱን ሥራ ይሠራል። «ክሪሚናል ሎየር» ቢባል «ክሪሚናል» መዳቢ ከሆነ ሰውየው የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ነው፤ ገላጭ ከሆነ ግን ጠበቃው ራሱ ወንጀለኛ ነው። የሕግ ተማሪ የሆናችሁ ጓደኞቼ በሚመጣው ጊዜ በደጃፋችሁ የምትሰቅሉትን ሰሌዳ ከአሁኑ አስቡበት!

ቦታም ትርጉምን ይለውጣል። በመግቢያዬ የጠቀስሁት «ኮንሰርንድ» ከስም በፊት ሲገባ «የተጨነቀ»፣ ከስም በኋላ ሲገባ «የሚመለከተው» ይሆናል። «ዘ ፕሬዚደንት ኢዝ ሌት» ቢባል ሊቀ መንበሩ ዘግይቷልና እንጠብቀው ማለት ነው፤ «ዘ ሌት ፕሬዚደንት» ቢባል ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነፍሱን ይማር ነው የሚባለው። ለማኅበራችን ደግሞ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ «ፕሬዘንት» ነው። እንበልና አንድ የተማሪዎች ማኅበር 300 አባላት አሉት፤ ከእነዚህ 120ው ለስብሰባ መጡ። ደንቡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሆኖ ውሳኔ የሚጸናው «ሜምበርስ ፕሬዘንት» ከሚባሉት ከግማሽ በላይ ሲደግፉት ነው ቢል፣ በስብሰባው የተገኙትን ማለቱ ነውና 61 ድምፅ ይበቃል። «ፕሬዘንት ሜምበርስ» ቢል ግን በአሁኑ ጊዜ አባል የሆኑትን ሁሉ ማለቱ ነውና 151 ድምፅ ያስፈልጋል፤ 120ው ሁሉ በአንድ ቃል ቢደግፉም ውሳኔው አይጸናም። አንዲት ቅጽል ከስሙ በፊት ወይም በኋላ በመቀመጧ ብቻ ስብሰባው ሁሉ ይፈርሳል። ዝርዝሩ ግን ስለዚህ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

በየቀኑ የምንሰማውን አንድ ስሕተት ልጨምር። ተማሪው ትምህርቱ ሲሰለቸው «አይ አም ቦሪንግ» ይላል። ይህን ሲል ግን «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ብሎ ራሱን መስደቡ ነው፤ ማለት የፈለገው «ቦርድ» ነበር። ስሕተቱ የመጣው ከስንፍና አይመስለኝም። በአማርኛ «ሰለቸኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ» እያልን ስሜታችንን በግሥ እንናገራለን፤ እንግሊዝኛ ግን በቅጽል ይናገረዋል። በራሳችን ቋንቋ በዚህ ቦታ ቅጽል መምረጥ ስላልለመድን በእንግሊዝኛው እንደናገራለን። ነገር ግን ልዩነቱ በአማርኛም አለ፤ «አሰልቺ» እና «የሰለቸው»፣ «አስፈሪ» እና «የፈራ»፣ «አስገራሚ» እና «የተገረመ» እንላለን። ማንም አማርኛ ተናጋሪ አስፈሪውን ከፈሪው አያምታታም።

እዚህ ላይ የጽሑፌ ዋና ሐሳብ ይገናኛል። የእንግሊዝኛን ቅጽል ለመለየት ከሁሉ የሚሻለው ሚዛን በእጃችን ያለው ቋንቋ ነው። ከላይ የጠቀስኋቸውን ወደ አማርኛ ብንመልሳቸው እያንዳንዱ በየራሱ ልብስ ይወጣል። «ዲሊጀንት» ገላጭ ስለ ሆነ ባዶውን «ትጉህ» ይሆናል። «ሜዲካል» መዳቢ ስለ ሆነ «የ» ለብሶ «የሕክምና» ይሆናል። «ክሪሚናል ሎየር»ም በአማርኛ «የወንጀል ጠበቃ» እና «ወንጀለኛ ጠበቃ» ሆኖ ያለ ጥርጥር ይለያል። ከስም በኋላ የሚገቡት «ኮንሰርንድ» እና «ፕሬዘንት» ደግሞ «የሚመለከታቸው» እና «የተገኙት» ሆነው ግሥ ያለበት ሐረግ ይሆናሉ። በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ቃላት በአማርኛ በሦስት መንገድ ይወጣሉ ማለት ነው። ይህ ሚዛን በሁሉም ስፍራ አይሠራም፤ «ሊትል» እና «ኤ ሊትል» በአንድ «ጥቂት» ሲወድቁ አይተናል። አማርኛው ዝም በሚልበት ስፍራ ግን «እዚህ ላይ ተጠንቀቅ» የሚል ምልክት አገኘን ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ተብሎ የሚከፈል «አገባብ» የሚባል ትምህርት አለ። ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው ቃሉ ከንግግሩ ውስጥ ምን ሆኖ እንደ ገባ የሚመረመርበት ነው። በቅርብ ዘመንም ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ቃላትን ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ ብለው በአምስት ሲከፍሉ ትርጉማቸውን ብቻ ሳይሆን ቅርጻቸውንና የሚገቡበትን ቦታ እያዩ ነው። እኛ ግን የራሳችንን ሰዋስው በጓሮ ትተን የሰውን ዝርዝር በፊት በር አስገባን።

መቼም ተቃውሞ መኖሩ አይቀርም። አንደኛው ወገን «ፈተናው ስሙን ይጠይቃልና ስሙን እናጥና» ይላል። እኔም ዝርዝሩ ይቃጠል አላልሁም። የመጠንና የቁጥር ልዩነት ለምሳሌ ጥቅም አለው፤ በአማርኛ «ብዙ ውሃ»ም «ብዙ ሰው»ም ስለምንል «ማች» እና «ሜኒ» የሚለያዩበትን ለማወቅ ይረዳናል። ነገር ግን ስሙ ከሥራው በኋላ ይምጣ። ሥራውን ያወቀ ስሙን በአንድ ቀን ያጠናዋል፤ ስሙን ያጠና ግን ሥራውን ሳያውቅ ሊመረቅ ይችላል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እንግሊዝኛ የባዕድ ቋንቋ ነው፤ ስለ ቅጽሉ ይህን ያህል ምን አደከመን? ይልቅ በራሳችን ቋንቋዎች እንማር» ይላል። ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍም አይደለም። ሆኖም ዛሬ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የምንማርባቸው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ያ ጥያቄ እስኪፈታ ድረስ በግማሽ የታወቀ ቋንቋ ከሁለቱም ያራቁተናል፤ በእንግሊዝኛው ያለውን ዕውቀት በትክክል አናገኘውም፤ ወደ ቋንቋዎቻችንም ልንመልሰው አንችልም። ነገ መጻሕፍቱን ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ትግርኛ የሚመልስ ከመካከላችን የሚወጣ ሰው ነው። «ሊትል ሪስክ»ን «ጥቂት አደጋ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ግን ባይተረጉም ይሻላል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያለን ተማሪዎች አዲሶቹን በምናስጠናበት ሰዓት ዝርዝሩን እንደገና ከማስጻፍ፣ ተማሪው ራሱ ከሚማርበት መጽሐፍ አንድ ገጽ ይዞ ይምጣ፤ የሕይወት ሳይንስ ይሁን፣ የሕግ ይሁን፣ የኢኮኖሚ ይሁን። በገጹ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ቅጽል ሥር ያስምር። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ይህ ቃል ስሙን ይገልጣልን፣ ይመድባልን ወይስ ይወስናል? ቦታው ቢለወጥ ትርጉሙ ይለወጣልን? በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲመለስስ በምን መልክ ይወጣል? ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አዲስ መጽሐፍም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ሰዓትና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

ያን ጎረቤቴን በዚህ መንገድ ሦስት ምሽት ሞክረነው ነበር። በሦስተኛው ምሽት ከመጽሐፉ ላይ ቀና ብሎ «ለካ ሳነብ የኖርሁት ቃላቱን እንጂ ነገሩን አልነበረም» አለኝ። ይህ ቃል የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት ባላበላሸሁበት ነበር። ነገር ግን የብዙዎቻችን ይመስለኛል። ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው፤ መሰላል ደግሞ የተሠራው እንዲወጡበት እንጂ እርከኑን ቈጥረው ከሥሩ እንዲቀመጡ አይደለም። ሰባቱን እርከን ቈጥረን ጨርሰናል፤ እንግዲህ እንውጣበት።